የአፈር ጋዝ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም

ከምድር በታች የተቀበረ ማዕድን በጋዝ አማካይነት ራሱን ሊገልጥ ይችላል። ዩራኒየም በሂደት ወደ ራዲየም ይለወጣል፤ ከራዲየም ደግሞ ራዶን የተባለው ጋዝ ይወለዳል። ድኝ ያዘሉ ማዕድናት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐዱ የአፈሩን ኦክስጅን ይቀንሳሉ፤ የድኝ ጋዞችንም ያመነጫሉ። ተመራማሪው ቀጭን ቱቦ አፈር ውስጥ ሰክቶ ይህን ጋዝ በመሳብና በመለካት፣ ውድ የሆነው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ፍንጭ ያገኛል።

ይሁን እንጂ ፍንጩን እንደ ማስረጃ መቁጠር አይገባም እንላለን። ራዶን-222 በ3.8 ቀናት ውስጥ ግማሹ ስለሚፈርስ፣ በአፈር ውስጥ በዝግታ ሲሰርግ ከጥቂት ሜትሮች በላይ ብዙም አይዘልቅም። ስለዚህ በጥልቀት የተቀበረ ማዕድን ላይታወቅ ይችላል። በአንጻሩ እንደ ስምጥ ሸለቋችን በተሰነጣጠቀ ምድር፣ ማዕድን በሌለበትም ልኬቱ ሊያሻቅብ ይችላል። ዝናብና የአየር ግፊትም ውጤቱን ይለውጡታል።

ስለሆነም ተማሪዎቻችን ከፍተኛ ቁጥር ባዩ ጊዜ «ማዕድን ተገኘ» ከማለታቸው በፊት ልኬቱን በሌላ ቀን ይድገሙት፤ ከሌሎች ጋዞችና ከሥነ ምድር ካርታ ጋርም ያነጻጽሩት። ባልተፈተነ ቁጥር የተቆፈረ ጉድጓድ የድሃ አገርን ገንዘብ ይቀብራል።