ቀመር ለመገልበጥ ነውን የተማርነው?

እኛ በጋምቤላ የምንማር ተማሪዎች የባሮ ጎረቤቶች ነን። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ይህ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ታዲያ የወንዝን አሞላል የሚያስረዳውን ሂሳብ ተምረን ሳለ ለምን በከንቱ እናባክነዋለን?

ነገሩ ይህ ነው። ባሮን እንደ አንድ ማጠራቀሚያ ብንቆጥረው፣ የተጠራቀመው ውሃ የሚለወጠው ከኢሉባቦር ደጋ በሚገባውና ወደ ኢታንግ በሚወጣው ልዩነት ነው። ወጪው ከተጠራቀመው ጋር ተመጣጣኝ ነው ካልን ቀላል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ይገኛል። በፓይተን ውስጥ ያለው ሲምፓይ፣ ዲሶልቭ በሚባለው ትእዛዝ በፊደል ይፈታዋል። ከዚያስ? ከዚያማ አብዛኞቻችን እርሳስ አንሥተን መልሱን እንገለብጣለን! ቁጥር በተለወጠ ቁጥር እንደገና መፍታት፣ እንደገና መገልበጥ። ቁም ጸሐፊስ ብራናው ያምርለታል፤ የእኛ ግን ምኑ ያምራል?

«ፈተናውን አልፈንበታል፤ ምን ጎደለ?» የሚሉ አሉ። እንንገራቸው። ለምሳሌ ያህል ወንዙ በሰከንድ 400 ሜትር ኩብ ሲያወጣ ቆይቶ ገቢው በድንገት 1000 ሆነ እንበል። የመዘግየቱ ጊዜ 2 ቀን ከሆነ ወጪው በማግሥቱ 636 ይደርሳል፤ 1 ቀን ከሆነ ግን 779። የትኛው እንደሚስማማ ለማወቅ ብዙ ግምት እየሞከሩ ከተለካው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ዝናቡም በየቀኑ ይለዋወጣልና የዛሬው ወጪ የነገው መነሻ እየሆነ የክረምቱ 120 ቀን ሁሉ መታሰብ አለበት። ይህን በእርሳስ ማን ይዘልቀዋል?

መድኃኒቱ ሁለት መሥመር ነው። ሲምፓይ የሚመልሰው እኩልታ ስለሆነ የቀኝ ጎኑን ብቻ እንውሰድ፤ እሱንም ላምዳፋይ በሚባለው ትእዛዝ ጊዜን፣ መዘግየትን፣ መነሻንና ገቢን የሚቀበል ፋንክሽን እናድርገው። መነሻው ሲፈታ ካልተሰጠ ግን ያልታወቀች ቋሚ በመልሱ ውስጥ ትቀራለችና ቁጥር አናገኝም። ገቢውን «አይ» በሚለው ትልቅ የላቲን ፊደል ለመጻፍ የሚቸኩልም ወየውለት፤ ለሲምፓይ ያ ፊደል የኔጌቲቭ 1 ስኩዌር ሩት ነው!

መምህሮቻችንንም እንጠይቃለን። ለተገለበጠ ቀመር ማርክ መስጠት ይቅር። ተማሪው ፋንክሽኑን ያስረክብ፤ መምህሩም ተማሪው ያላየውን ቁጥር አስገብቶ ይሞክረው። ዘንድሮ የተሠራውንም የከርሞው ክፍል ተቀብሎ፣ ከክረምቱ በፊት በባሮ ልክ ይፈትነው።