ዱላና ወገብ

በሲኒማ ራስ በኩል ወደ መርካቶ ገብቶ እስከ ምናለሽ ተራ የዘለቀ ሰው፣ ሠራተኞቹን ከማየቱ አስቀድሞ የመዶሻውን ድምፅ ይሰማል። በዚያ አሮጌ በርሜልና ቍርጥራጭ ብረት እየተቀጠቀጠ ምድጃና ልዩ ልዩ ዕቃ ይሆናል። ልብ ብሎ ለሚመለከት ግን ከዕቃው ይልቅ የሠራተኞቹ አቋም ያስደንቃል፤ ትንሹን መዶሻ የያዘው በክርኑና በእጁ አንጓ ብቻ ሲመታ፣ ታላቁን የያዘው እግሮቹን ከፈት አድርጎ መላ አካሉን ያዞራል።

ይህን በቤተ ሰብ ገጻችን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በገና ሰሞን የራሳቸውን ዱላ ለትንሽ ልጃቸው የሚያስይዙ አባቶች አሉ፤ ሳምንቱን በወንበር ላይ ሰንብተው በእሑድ ጎልፍ ከተጫወቱ በኋላ «ወገቤን» የሚሉ ሹማምንትም አይጠፉም። የሁለቱም ጕዳት ምንጩ አንድ ነው።

የአሰነዛዘር ኃይል የሚነሣው ከክንድ ሳይሆን ከመሬት ነው። እግር መሬትን ይገፋል፣ ዳሌ አስቀድሞ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ከዚያም ትከሻና ክንድ፣ በመጨረሻም የእጅ አንጓ። እያንዳንዱም ሲዘገይ ፍጥነቱን ለሚቀጥለው ያስረክባል። የቡሄ ልጆች ጅራፍ ይህንኑ ያሳያል፤ እጀታው በዝግታ ሲሄድ ጫፉ ይጮኻል።

በጎልፍ ሕግ አንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ሊይዝ ይችላል፤ አሰነዛዘሩም እንደ ዱላው ይለያያል። ረዥሙ 114 ሳንቲሜትር ያህል ነው። አካል በእኩል ፍጥነት ቢዞር የረዥሙ ዱላ ጫፍ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ትንሿ ስሕተትም አብራ ትረዝማለች። ስለዚህ በረዥሙ የሚመታው ከኳሷ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ኳሷንም በትንሽ ችካል ላይ ወደ ፊተኛው እግሩ አቅርቦ ያኖራታል፤ የሚመታትም ዱላው ዝቅ ብሎ ሊነሣ ሲል ነው። በአጭሩ ብረት ግን ቀረብ ብሎ፣ ይበልጥ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ታች እየመታ አስቀድሞ ኳሷን ቀጥሎም ሣሩን ያገኛል። የብረቱ ፊት ያዘነበለ ስለሆነ ኳሷን የሚያነሣት እርሱ ነው፤ ጀማሪው ግን ራሱ ሊያነሣት ሲታገል መሬቱን ይቈፍራል። ወደ ጕድጓዱ በምትገፋው ዱላ ጊዜ ደግሞ ዳሌ ጸጥ ይላል፤ ትከሻ ብቻ በግድግዳ ሰዓት ውስጥ እንዳለው ብረት ወዲያና ወዲህ ይላል።

የገና ተጫዋች ይህን ሁሉ በአንዲት ቆልማማ ዱላ ይሠራል፤ ጥንጓም እየሮጠች ነው! ለእኛ ከጎልፍ የሚከብድ ይመስለናል። ለቅርብ ሲመታ እጁን ዝቅ አድርጎ ይይዛል፣ ለሩቅ ግን ጫፉን።

የወገብ አጥንቶች ለመጎንበስ እንጂ ለመጠምዘዝ እምብዛም አልተሠሩም፤ ብዙ የሚዞረው የዳሌ መገጣጠሚያ ነው። በመቀመጥ ብዛት ዳሌው የደረቀ ሰው ግን ያንን መዞር ከወገቡ ይበደራል፤ በጎልፍ ተጫዋቾች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ሕመምም የወገብ ሕመም ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከመጫወቱ በፊት ጥቂት ይራመድ፣ ያለ ዱላም ዳሌውን ደጋግሞ ያዙር።

ልጁም ዱላው ሲከብደው ዳሌውን ትቶ በክንዱና በወገቡ ይጐትታል። ስለዚህ ዱላው ሲቈረጥ ልጁ ራሱ በቦታው ይቁም፤ ይዞት ይሰንዝር። ከሰነዘረም በኋላ እግሮቹ ከተንገዳገዱ ዱላው አሁንም ይጠር፣ ይቅጠንም።