ጫካው አይከልከል፣ መንገድ ይበጅለት

እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዛሬ የምጽፈው ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስለተነገረው ነገር ነው። «ከእንግዲህ ሳይክል ይዞ ጫካ የሚገባ ተማሪ ወላጅ ያመጣል» ተባልን። ምክንያቷ ማን እንደሆነች ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ እኔ ነኝ።

ሳይክል የለመድኩት ዘንድሮ ነው፣ ያውም በኪራይ ሳይክል። የሽሮሜዳን አስፋልት ታውቁታላችሁ። ቁልቁለት ነው፣ ታክሲው፣ አውቶቡሱ፣ ገበያተኛው ሁሉ እዚያው ነው። ለማጅ እዚያ ከወደቀ ጉልበቱ ብቻ አይደለም የሚላጠው። ስለዚህ ከጓደኞቼ ጋር ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ወጣን። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም! ጥላ አለ፣ አፈሩ ለስላሳ ነው፣ መኪና የለም፣ «ሴት ልጅ ሳይክል ትነዳለች እንዴ?» የሚል ሰውም የለም። ዳገቱ ግን ትንፋሽ ይጨርሳል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል እኮ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስወርድ ጭራሮ የተሸከሙ እናት ድንገት ከፊቴ ብቅ አሉ። ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ብቻ ጨምድጄ ያዝኩ። ሳይክሉ ገለበጠኝ። እሳቸውም ዘወር እላለሁ ሲሉ ከነሸክማቸው ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዱም። ጭራሮውን መልሰን ስናስር ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «የኔ ልጅ፣ እኔ ብሰበር ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» ብቻ አሉኝ። ሸክም ያለበት ሰው አጎንብሶ እንደሚሄድና ከፊቱ የሚመጣውን እንደማያይ ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት።

ታዲያ መከልከሉ ልክ ነው ትሉ ይሆናል። እኔ አልስማማም። ከተከለከልን ሳይክል አንተውም፣ ወደ አስፋልቱ ነው የምንመለሰው። (አንዳንድ ወንዶች ደግሞ ተደብቀው ጫካ መግባታቸው አይቀርም፣ እንተዋወቃለን።) እኔ ያጠፋሁት ጫካ በመግባቴ አይደለም። ገና ለማጅ ሆኜ፣ ሰው በሚመላለስበት ቀጭን መንገድ ላይ ቁልቁል በመንዳቴ ነው። መንገዱ ደግሞ የእንጨት ተሸካሚዎቹ ነው። ባሕር ዛፍ ራሱ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተተከለው ለከተማው ማገዶ ጠፍቶ ስለነበር ነው። እኛ ትናንት የመጣን ነን።

የስፖርት መምህራችን እንደነገሩን በብዙ የውጭ አገሮች የጫካ ሳይክል መንገዶች በቀለም ይለያሉ። አረንጓዴው ለጀማሪ፣ ሰማያዊው ትንሽ ለቻለ፣ ጥቁሩ ለጎበዝ ነው። አረንጓዴው ሰፋ ያለ ነው፣ ቁልቁለቱ ቀላል ነው፣ ትልልቅ ድንጋይና ሥር የለበትም። እኛም አገር በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ የሳይክል መንገድ አለ። በየሳምንቱ እዚያ ለመሄድ ግን የሁላችንም ቤት አቅም የለውም።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ከት/ቤታችን በላይ፣ እንጨት ተሸካሚ በማያልፍበት በኩል፣ ጥበቃዎቹን አስፈቅደን አንድ አረንጓዴ መንገድ እናብጅ። ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ቦታ የሚመለስ ይሁን። ቁልቁል ቀጥ ብሎ መውረድ የለበትም፣ ተዳፋቱን አግድም ይዞ ይሂድ። ቀጥ ያለ እንደሆነ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ቦይ ያደርገዋል። ዝናብ በዘነበ ማግስትም አንነዳም፣ እርጥብ ቅጠል ያንሸራትታል፣ ጎማውም አፈሩን ይቆፍረዋል። መንገድ ላይ ሸክም የያዘ ሰው ካገኘን ከሳይክል ወርደን እናሳልፋለን። ጀማሪ ደግሞ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ሁለቱንም ፍሬን እኩል፣ ቀስ አድርጎ መያዝ ይልመድ። እኔ ያንን ባውቅ ኖሮ አልገለበጥም ነበር።

የመንገዱን ንድፍ በደብተር ወረቀት ሥዬ ለስፖርት መምህራችን ሰጥቻለሁ። እኚያን እናትም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ፣ መንገዱ በየት ቢሆን እንደማያስቸግራቸው እንዲያሳዩን ለመንኳቸው። «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኑ» ብለውኛል። ርእሰ መምህራችን ከፈቀዱልን መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አስመዝግቡ። ሳይክል አያስፈልግም፣ በእግር ነው የምንሄደው።