«አክሰለሬት»፦ ፍቺው ታውቆ ዓረፍተ ነገሩ የሚጠፋበት ቃል

በዚህ ወር የምንመለከተው የእንግሊዝኛ ግስ «አክሰለሬት» የሚለው ነው። ፍቺውን ለመናገር የሚቸገር ተማሪ እምብዛም አይገኝም። «ፍጥነት ጨመረ፣ አፋጠነ» ይላል፤ ልክ ነው። «በል እንግዲህ በዓረፍተ ነገር አስገባው» ሲባል ግን ብዙው እስክሪብቶውን ይነክሳል።

ነገሩ የአንድ ቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአሶሳ ወጣ ባለ ቀበሌ የሚያድግ ልጅ በቤቱ የበርታን ቋንቋ፣ በመድረሳ ዐረብኛ፣ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይሰማል። እንግሊዝኛ ግን ከክፍል ከወጣ በኋላ የሚሰማበት ቦታ የለውም። ሆኖም ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እናስታውሳለን። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ትምህርቱን እያወቀ ጥያቄው ምን እንደሚለው ሳይገባው የሚወድቅ ልጅ መኖሩን ማንም መምህር አይክድም።

በመጀመሪያ አጻጻፉን እንያዝ። ከ«ኤ» ቀጥሎ ሁለት «ሲ» ተከታትለው ይመጣሉ፤ «ኤል» ግን አንድ ብቻ ናት። በደብተር ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ተገላቢጦሹ ነው፤ አንድ «ሲ» እና ሁለት «ኤል»። ሁለቱ «ሲ» የተደረደሩት ለጌጥ አይደለም። የመጀመሪያይቱ «ክ» ተብላ ትነበባለች፤ ሁለተኛይቱ «ኢ» የተባለችው ፊደል ስለምትከተላት «ስ» ትሆናለች። «አክሰፕት» እና «አክሲደንት» የሚሉት ቃላትም በዚሁ መንገድ ይጻፋሉ። (ሾፌር የሆነ ወንድማችን «አክሰለሬት» እና «አክሲደንት» በተመሳሳይ ሦስት ፊደላት እንደሚጀምሩ ቢያስታውስ ፊደሉንም መንገዱንም አይስትም።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ነሕው የቀራ ልጅ ግስ «ላዚም» እና «ሙተዐዲ» ተብሎ እንደሚከፈል ያውቃል። ላዚም በባለቤቱ ላይ የሚቆም፣ ሙተዐዲ ደግሞ ወደ ተሳቢ የሚሻገር ነው። በአማርኛ «መኪናው ፈጠነ» ላዚም ነው፤ «ሥራውን አፋጠነ» ሙተዐዲ ነው፤ ግሱ መልኩን ቀይሯል። ዐረብኛውም «ተሳረዐ» ሲል ላዚም ነው፤ መሐሉን በሸዳ አጥብቆ «ሰርረዐ» ሲል ግን ይሻገራል። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ አያደርግም፤ ያው አንዱ «አክሰለሬት» ሁለቱንም ቦታ ይይዛል። እንግዲህ ልዩነቱን የሚነግረን የቃሉ መልክ ሳይሆን ከኋላው የተቀመጠው ተሳቢ ነው። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። የመድረሳ ትምህርቱን ከፊዚክስ ክፍል በር ላይ ጥሎ ባይገባ ግን ቁልፉ በእጁ ነበር።

ምሳሌ እንስጥ። ሙክታር እድሪስ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ለንደን ላይ በ5,000 ሜትር ሞ ፋራህን ቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። «ሙክታር አክሰለሬትድ ኢን ዘ ላስት ላፕ» ብንል፣ በመጨረሻው ዙር ፍጥነት ጨመረ ማለታችን ነው፤ ተሳቢ የለም፤ ላዚም ነው። «ሂት አክሰለሬትስ ዘ ራይፕኒንግ ኦፍ ማንጎስ» ስንል ደግሞ ሙቀት የማንጎን መብሰል ያፋጥናል ማለት ነው፤ ሙተዐዲ ነው። በዚህኛው ላይ «ስ» የተጨመረችው ሙቀት ነጠላ ሦስተኛ መደብ ስለሆነና ነገሩ ሁልጊዜ የሚሆን ስለሆነ ነው። የአሶሳ ልጅ ማንጎ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሲያበስል ያደገ ስለሆነ ይህን ዓረፍተ ነገር አይረሳውም።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ እናስተውል። ስለ ተሽከርካሪ ሲነገር እንግሊዝኛው አብዛኛውን ጊዜ ላዚሙን ይመርጣል። እኛ ሾፌሩን «ነዳጅ ስጠው» እንለዋለን፤ እነርሱ «ዘ ድራይቨር አክሰለሬትድ» ብለው ያበቃሉ፤ ምኑን እንዳፈጠነ መናገር አያስፈልግም። ተሳቢ የሚበዛው ስለ ሥራ፣ ስለ እድገት፣ ስለ ለውጥ ሲነገር ነው። ይህን የማያስተውል ተማሪ በክልላችን ጉባ ላይ ስለተሠራው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ሲጽፍ «ዘ ዳም አክሰለሬትድ» ይላል። ሱብሓነላህ! ግድብ ከቦታው ተነሥቶ ሮጠ እንዴ? የሚፋጠነው ግንባታው ነው፤ «ዘ ወርክ ኦን ዘ ዳም» ማለት ነበረበት። ሥራው በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ግድቡ ራሱ ግን ስንዝር አልተንቀሳቀሰም።

በቃሉ መጨረሻ «ኢዲ» ስላየን ብቻ ሁሉንም ኃላፊ ጊዜ ነው ማለትም አይገባም። መንግሥት ከ1998 እስከ 2002 ዓ.ም. ሲሠራበት የነበረው የልማትና ድህነት ማስወገጃ ዕቅድ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ «አክሰለሬትድ» የሚል ቃል ነበረው። እዚያ ላይ ቃሉ ቅጽል ነው፤ «የተፋጠነ» ልማት ማለት ነው እንጂ «ልማቱ ፈጠነ» የሚል ዜና አይደለም።

ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ግን «አይ አክሰለሬትድ ቱ ስኩል ቢኮዝ አይ ወዝ ሌት» የሚለው ነው። ልጁ «ስለዘገየሁ ወደ ትምህርት ቤት ፈጥኜ ሄድኩ» ማለቱ ነው። ይህ የ«ኸሪ» ቦታ ነው። «ኸሪ» መቸኮል ነው፤ የሰው ስሜት አለበት። «አክሰለሬት» ግን ከቀድሞው ይበልጥ መፍጠን ነው፤ ጥድፊያ ኖረም አልኖረ። ኤሊም ከነበረችበት ትንሽ ከጨመረች ቃሉ ይገባታል። በአማርኛችን «ቸኮለ» እና «ፈጠነ» አንድ አይደሉም፤ የዐረብኛ ሊቃውንትም «ዐጀላህ» እና «ሱርዓህ» የሚሉትን ይለያሉ፤ የመጀመሪያው ነገርን ከጊዜው በፊት መሻት፣ ሁለተኛው ጊዜው ሲደርስ አለመዘግየት ነው። ከእንግሊዝኛዎቹ ጋር ልክ በልክ አይገጥሙም፤ ሆኖም በፍጥነትና በችኮላ መካከል ድንበር እንዳለ ለለመደ ጆሮ ትምህርቱ ይቀለዋል።

ፊዚክስ ደግሞ ቃሉን ወስዶ ሌላ ትርጉም ሰጥቶታል፤ ፈተና ላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ከቆመበት ተነሥቶ በ5 ሰከንድ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የደረሰ ባጃጅ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜትር ሆኗል፤ በየሰከንዱ 2 ሜትር በሰከንድ ጨምሯል ማለት ነው። እስከዚህ ከዕለት ንግግር ጋር ይስማማል። ነገር ግን በፊዚክስ ፍሬን ይዞ የሚቀንሰውም ባጃጅ «አክሰለሬት» ያደርጋል፤ ፍጥነቱን ሳይቀይር አደባባይ የሚዞረውም እንዲሁ፤ አቅጣጫው ተለውጧልና። ስለዚህ «ፍጥነቱ ያልተለወጠ አካል አክሰለሬት ሊያደርግ ይችላልን?» ተብሎ ሲጠየቅ መዝገበ ቃላቱን ብቻ የያዘ ተማሪ «አይችልም» ብሎ ነጥቡን ያጣል።

ለመለማመጃ የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፤ ሁሉም ግን «አክሰለሬት»ን አይቀበሉም። ዝናቡ የቀርከሃውን እድገት አፋጠነው። ዳገቱ ሲያልቅ አውቶቡሱ ፍጥነት ጨመረ። እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት እናቴ ተቻኩላ ቡና ቆላች። የመስጊዱ ግንባታ ከረመዷን ወዲህ ተፋጥኗል። መልሱን በሚቀጥለው ወር እናያለን፣ ኢንሻአላህ።