ሚዛኑ ሌላ፣ ወፍጮው ሌላ

አርሲ ውስጥ፣ ጎበሳ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ከማልወዳቸው ነገሮች አንዱ ደንበኛ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያየኝ ነው። ጥያቄ ይበዛል። ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሮጌ ላፕቶፕ በፌስታል ይዘው መጡና «ፎርማት አድርግልኝ» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሂዱ አይባል ነገር። ማሽኑ አዲስ ዊንዶውስ እንደማይሸከም ስላየሁ በእሱ ፋንታ ደቢያን የሚባለው ሥርዓት ያለበትን ፍላሽ ሰካሁ።

«አማርኛ አይችልም እንዴ?» አሉኝ፣ የቋንቋውን ዝርዝር በመነጽራቸው ሥር እየቃኙ።

«አይ ጋሼ» ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ስህተቴ ገባኝ። ከልማድ የተነሳ የመረጥኩት የጽሑፉን መጫኛ ነው፤ ማውዝ የማይሠራበትን፣ በኪቦርድ ብቻ የሚሄዱበትን። እዚያ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። አጥፍቼ አስነሳሁና ባለ ሥዕሉን መረጥኩ። አማርኛ በራሱ ፊደል ከአልባንኛ ሥር ቁጭ ብሏል።

«ቅድም የት ሄዶ ነው?»

የመለስኩላቸው በወፍጮ ቤት ምሳሌ ነው። አርሲ ውስጥ ስንዴ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ያልተሰለፈ የለም። በር ላይ ሚዛን የያዘው ልጅ የማን እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ይላም ወይስ ይሻክር ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱን በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላውን በአማርኛ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድንጋይ ቋንቋ አያውቅም። የናፍጣ ሞተሩ ተነቅሎ የኤሌክትሪክ ቢተከል ሚዛን ያዡ ሥራው ያው ነው። ሚዛን ያዡ ቢቀየርም ዱቄቱ ያው ነው።

የደቢያን መጫኛም ፊትና ጓዳ አለው። ዲስክ የሚከፋፍለው፣ ኔትወርክ የሚፈልገው፣ ፋይል የሚገለብጠው ሁሉ ጓዳ ነው፤ ሰው ፊት አይቀርብም። የሚጠይቀው ሲኖረው «ይህን ጥያቄ ያዝ»፣ «አሁን አቅርብ»፣ «መልሱን አምጣ» የሚሉ አጫጭር ትእዛዞች ወደ ፊት ይልካል። በምን ፊደልና በምን ቀለም እንደሚታይ አያገባውም። እንዲያውም መልሶቹን አስቀድሞ በአንድ ፋይል ጽፎ ለሰጠው ማንንም ሳይጠይቅ ይጨርሳል። የትምህርት ቤት ክፍል ሙሉ ኮምፒውተር በአንድ ቀን መጫን ያለበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ይህ መጫኛ እ.ኤ.አ. በ2005 ከደቢያን 3.1 ጋር ሲወጣ ፊቱ ያ የጽሑፍ ገጽ ነበር። በ2007፣ በ4.0፣ ባለ ሥዕሉ ፊት ተጨመረለት፤ ጓዳውን ማንም እንደ አዲስ አልሠራውም። በ2009 መጀመሪያ 5.0 ሲወጣ መጫኛው 63 ቋንቋ ደርሶ ነበር፤ 50ው በጽሑፉ ገጽም የሚገኙ፣ 13ቱ በባለ ሥዕሉ ብቻ። አማርኛ የገባው ያኔ ነው፣ ከ13ቱ አንዱ ሆኖ። ሌላው እንዲህ ያለ ሥርዓት፣ ኡቡንቱም፣ በ2023 ዴስክቶፑን በአዲስ ፊት ሲያወጣ ጓዳው አስቀድሞ ለሰርቨር ይጠቀምበት የነበረው ነው።

ጋሼ ይህን ሁሉ አልጠየቁኝም። እኔ ነኝ ያወራሁት።

ያስወራኝ ግን ንዴት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም አሠርቶ ኖሮ ገጹ ወደ አፋን ኦሮሞ እንዲለወጥለት ፈለገና እኔን አስጠራኝ። የሁለት ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። ኮዱን ስከፍተው «ሴቭ» የሚለው አዝራር ከነጽሑፉ ተቀምጦ እዚያው ሥሩ ዋጋ ይደመራል፣ መዝገብ ይጻፋል፣ ደረሰኝ ይታተማል። ከምርጫዎቹ አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ለሙከራ ቀየርኩና የወሩን ሪፖርት ባዘው ባዶ ወረቀት ወጣ። ለካ ሪፖርቱ ወጪ የሆነውን ዕቃ የሚለየው ገጹ ላይ በተጻፈው ቃል ነው! ሚዛን ያዡ «ስንት ኪሎ» ማለቱን ትቶ «ኪሎው ስንት» ቢል ወፍጮው ይቆማል እንደማለት። ሠሪው ሲጠየቅ «እንደ አዲስ መሠራት አለበት» አለ፤ እውነቱን ነው። ገንዘብ የለም ተባለና ቀረ። ሠራተኞቹ እስከማውቀው ድረስ በማይችሉት ቋንቋ የተጻፈውን አዝራር ቦታ በቃላቸው ይዘው ይሠራሉ። ፕሮግራም የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ውል ላይ ስለ ቀለምና ስለ አርማ ከሚከራከር «ገጹ ሲቀየር ሌላው ሳይነካ ይቆያል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እምቢ ካሉትም ባይፈርም ደስ ይለኛል።

ፊትና ጓዳን መለየቱ ችግር የለውም አልልም። ያን ቀን የጋሼ ላፕቶፕ ላይ ግማሽ ከሄደ በኋላ መጫኑ ተሰናከለ። ፊቱ በጨዋ አማርኛ አልተሳካም ይላል፤ ለምን እንዳልተሳካ ግን አይናገርም። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 4ን አንድ ላይ ስጫን ጥቁሩ ገጽ ወጣ፤ ጓዳው የሚጽፈው መዝገብ እዚያ ነው። ዲስኩን ማንበብ አቅቶት ያንኑ መስመር እየደጋገመ ይጮኻል፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ዲስኩ እየሞተ ነበር። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው አዩና «ከውስጥ ግን ያው ፈረንጅ ነው» አሉ። ያገለገለ ዲስክ ቀይሬላቸው በማግስቱ ወሰዱት።

ከዚያ ወዲህ የማይለቀኝ የቋንቋዎቹ ዝርዝር ነገር ነው። ከላይ እስከ ታች ሄጄበታለሁ፤ አፋን ኦሮሞ የለም። አማርኛ ፊደሉን የሚያወጣለት ገጽ እስኪሠራ መጠበቅ ነበረበት። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ ግን የላቲን ፊደል ስለሆነ ያ አሮጌ የጽሑፍ ገጽ እንኳ ይበቃዋል። ጓዳው ዝግጁ ነው፣ ፊቱም ዝግጁ ነው፤ የጎደለው የትርጉም ፋይል ነው፣ እሱም ከላይ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ ከታች ባዶ ቦታ ያለው ተራ ጽሑፍ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ከሚመጡ ሦስት ተማሪዎች ጋር ጀምረነዋል። «ፓርቲሽን» (የዲስክ ክፋይ) የሚለው ቃል ላይ ቆመናል። አንዱ ዳንጋ፣ ድንበር ማለት፣ ይሁን ይላል። ልጅቷ ደግሞ ድንበር መስመሩ እንጂ መሬቱ አይደለም፣ ቆዳ ነው መባል ያለበት አለች፤ ድርሻ ማለቷ ነው። ይህን ለጋሼ በፊደል ጽፌ ባሳያቸው «ዲስኩ ስንት ቆዳ አለው?» ብለው ሳቁብኝ።