ድብድቡ አምሮ ታሪኩ ሲያሳፍር

«የካራቴ ፊልም ታሪክ ምን ያደርግለታል? ዋናው ድብድቡ ነው» የምትል ሰበብ አለች። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ከምናይበት ጊዜ ጀምሮ እኔም ብያታለሁ። አሁን ግን በቃኝ።

የ2005ቱን «ቶም ዩም ጎንግ» እንውሰድ። ቶኒ ጃ አራት ደቂቃ ያህል፣ ካሜራው አንዴም ሳይቋረጥ፣ ደረጃውን እየወጣ ያገኘውን ሁሉ ያነጥፋል። አቤት ጉልበት! አቤት ትንፋሽ! ታሪኩስ? ዝሆኖቹን ሰርቀውበት ከታይላንድ ሲድኒ ድረስ ይሄዳል። መነሻው እኮ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው ዝሆኖቼ የት አሉ እያለ ከመጮህ በቀር የሚለው የለውም። የሚወድቁትም እነማን እንደሆኑ ሳናውቅ ይወድቃሉ።

«ቀላል ታሪክ ምን ነውር አለው?» ካላችሁ፣ ምንም። ቀላልና ባዶ ግን አንድ አይደሉም። የ1978ቱ «የሻዎሊን 36ኛው ክፍል» በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ያልቃል፦ ወገኖቹ ያለቁበት ወጣት ገዳም ገብቶ ኩንግ ፉ ይማራል። ነገር ግን ጎርደን ሊዩ ክንዱን ዝቅ ካደረገ ጎኑን የሚወጋ ስለት ታስሮበት ውሃ ሲሸከም አይተናል። ስለዚህ በኋላ ሲመታ፣ እያንዳንዷ ምት ስንት እንዳስከፈለችው እናውቃለን። ድብድቡን ድብድብ ያደረገው ታሪኩ ነው።

እነዚህ አክተሮች አጥንታቸውን ለአደጋ ሰጥተው ነው የሚሠሩት። «ታሪክ አያስፈልግም» ስንል እነሱን ያከበርን ይመስለናል። ላባቸውን ነው ያረከስነው።