ስለ ጤናችን እንወያይ፦ የአንገት ዲስክ ሕመምና የቀዶ ሐኪም ምርጫ



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከኪርያት ማላኺ፣ ከገደራና ከያቭኔ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን ነው። ጥያቄው «የአንገት ዲስክ አለብህ፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል ተባልኩ፤ የትኛው ሐኪም ዘንድ ልሂድ?» የሚል ነው።

በመጀመሪያ አንዲት የኪርያት ማላኺ እናት ያጫወቱንን እንንገራችሁ። እኒህ እናት አንገታቸውን ማመም የጀመራቸው ገና አገር ቤት ሳሉ፣ እንስራና እንጨት ሲሸከሙ ነው። እዚህ ከመጡ በኋላ በጽዳት ሥራ ባሰባቸው። ወደ ሐኪም ሲሄዱ የምታስተረጉምላቸው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ነበረች። እናት «ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል፤ ስራመድም እግሬ አይታዘዝልኝም» ይላሉ። ልጅቷ ለዚህ ሁሉ ያገኘችው ዕብራይስጥ «ኮኤቭ ላ» ማለትም «ያማታል» የሚል ብቻ ነበር። ሐኪሙም የሰማው ይህንኑ ስለሆነ የሕመም ማስታገሻ ጽፎ ሰደዳቸው። ሁለት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ አንዲት ጎረቤት አብራ ሄደች። እርሷ እያንዳንዱን ቃል ስታስተረጉም ሐኪሙ ብድግ ብሎ እጃቸውንና እግራቸውን መረመረ፤ ወዲያውም ለኤም አር አይ ላካቸው። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፤ የልጅ ሥራ አልነበረምና።

እንግዲህ በሽታውን እንወቀው። አንገታችን 7 አጥንቶች አሉት። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ ሆኖ የሚያገለግለው ነገር ዲስክ ይባላል። ዲስኩ ሲያረጅ ወይም ከቦታው ሲወጣ ወደ ክንድ የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል፤ ሕመሙም ከአንገት ወደ ትከሻ፣ ወደ ክንድና ወደ ጣት ይወርዳል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ፣ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ደግሞም ምንም የማያመው ሰው ኤም አር አይ ቢነሳ ዲስኩ ያረጀ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሥዕሉ ብቻውን ለቢላዋ ምክንያት አይሆንም፤ ሥዕሉና የሕመምተኛው ስሜት መገጣጠም አለባቸው።

ዲስኩ የተጫነው ሕብለ ሰረሰርን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እጅ ሲዝል፣ ዕቃ ከእጅ ሲወድቅ፣ ቁልፍ መቆለፍ ሲያስቸግር፣ አካሄድ ሲበላሽ ሳይዘገዩ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ክንድና እግር በድንገት ቢደክም፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ቢያቅት በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ሰው አንገቱን ለወጌሻ መስጠት የለበትም፤ መጠምዘዙ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላልና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ!

ወደ ሐኪም ምርጫው እንምጣ። የአንገት ዲስክን የሚያክሙ ቀዶ ሐኪሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የነርቭ ቀዶ ሐኪም፣ ሁለተኛው በአከርካሪ ላይ የሠለጠነ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነው። ሁለቱም ይሠሩታል። ዋናው ነገር የአንገት አከርካሪ የዘወትር ሥራው መሆኑ ነው። የሐኪሙን ፈቃድና የሠለጠነበትን ሙያ በጤና ሚኒስቴር መዝገብ ማየት ይቻላል።

መንገዱ የሚጀምረው ከቤተሰብ ሐኪም ነው፤ እርሱ ሃፍናያ ይጽፍላችኋል። ከ1995 ጀምሮ በሚሠራው የጤና መድን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም ማለትም ከክላሊት፣ ከማካቢ፣ ከሜውሄዴትና ከሌኡሚት የአንዱ አባል ነው። የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና በሕዝብ ሆስፒታል ሲሠራ ወጪውን ኩፓው ቶፌስ 17 በሚባለው ወረቀት ይከፍላል። በዚህ መንገድ ግን ማን እንደሚቀድ የሚመድበው ብዙውን ጊዜ ሆስፒታሉ ነው። ቀዶ ሐኪምን በስም መምረጥ የሚቻለው በአብዛኛው ቢቱዋሕ ማሽሊም በሚባለው ተጨማሪ መድን ነው። እርሱም ከኩፓው ጋር ውል ካላቸው ሐኪሞች መካከል ሲሆን፣ ከኪሳችሁ የምትጨምሩት ገንዘብና ለአዲስ አባል የመጠበቂያ ጊዜ አለው። ሁለቱንም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ተጨማሪ መድን የሌለው ሰው ምርጫ የለውም ማለት ግን አይደለም። በ1996 የወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግ ሌላ ሐኪም የማማከር መብት ለሁላችን ሰጥቷል። ሐኪሙም በዚህ መቀየም የለበትም፤ ሊረዳችሁ እንጂ። የሕክምና ወረቀታችሁንና የኤም አር አዩን ቅጂ መቀበልም መብታችሁ ነው። ለሦስቱ ከተሞቻችን ቅርብ ከሆኑት ሆስፒታሎች በሬሖቮት ያለው ካፕላንና በ2017 የተከፈተው የአሽዶዱ አሱታ ይገኛሉ። ይሁንና የአንገት ቀዶ ሕክምና በየሆስፒታሉ በእኩል አይሠራም። «ኩፓችን ለዚህ ሕመም የሚልከው ወዴት ወዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ሳትጠይቁ ለግል ሐኪም ብላችሁ ዕዳ ውስጥ አትግቡ።

ቀዶ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ይዛችሁ ግቡ።

1. የተጎዳው የትኛው ዲስክ ነው? ከኔ ሕመም ጋር ይገጥማል?
2. ብታገሥስ ምን ይሆናል? ሌላ ሕክምና አለ?
3. የሚሻለኝ ምኑ ነው? ቀዶው ከአንገት ሕመም ይልቅ ወደ ክንድ የሚወርደውን ሕመም በማስታገስ ይታወቃልና።
4. እንዲህ ያለ ቀዶ በዓመት ስንት ትሠራለህ? የምትቀደኝስ አንተ ራስህ ነህ?
5. ምን ዓይነት ቀዶ ነው? ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀው ከፊት በኩል ገብቶ ዲስኩን ማውጣትና አጥንቶቹን ማጋጠም ነው። ለአንዳንድ ሰው ሰው ሠራሽ ዲስክ ይተካል።
6. ጉዳቱስ? ድምፅ መጎርነንና የመዋጥ ችግር ሊያጋጥም ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ኢንፌክሽንና የነርቭ ጉዳት ጥቂት ቢሆንም አለ። ሲጋራ ማጨስ አጥንቱ እንዳይገጥም ሊያደርግ ይችላል።
7. ሥራ የምመለሰው መቼ ነው?

ልጆቻችሁን ለትርጉም አትውሰዱ፤ ዐዋቂ ሰው ውሰዱ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሕክምና ሰጪዎች ለሕመምተኛው የቋንቋ እርዳታ እንዲያዘጋጁ አዟል። ስለዚህ ቶር ስታስይዙ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። በኮከብ 5400 የሚገኘው የሚኒስቴሩ የስልክ አገልግሎት በአማርኛም ያስተናግዳል። የምትፈርሙት የስምምነት ወረቀት ካልተተረጎመላችሁና ካልገባችሁ አትፈርሙ።

ያነሳናቸው እናት ሁለት ቀዶ ሐኪሞችን አማከሩ። ሁለቱም ቀዶ ያስፈልጋል አሏቸው። የመጀመሪያው ሥዕሉን አይቶ «ቶሎ ይሠራ» ብሎ ወረቀት ሰጣቸው። ሁለተኛው አጥንቱን በወረቀት ሥሎ አሳያቸው፤ አስተርጓሚዋ እስክትጨርስ ጠበቀ፤ ከዚያም «አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምን ልንሠራ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ደግሞም «ቀዶው እንዳይብስ ያደርጋል፤ የደነዘዘው ሁሉ ግን ላይመለስ ይችላል» አላቸው። እርሳቸውም ይኼኛውን መረጡ፤ ኩፓውም እርሱ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ቶፌስ 17 ሰጣቸው።

ዛሬ አካሄዳቸው ተስተካክሏል። የሁለት ጣቶቻቸው ድንዛዜ ቀርቷቸዋል፤ አስቀድሞ ስለተነገራቸው ግን አልደነገጡም። «ሐኪሙን የመረጥኩት ስለገባኝ ነው» ይላሉ። ልጃቸውም አሁን ሐኪም ቤት አብራ የምትሄደው ልታስተረጉም ሳይሆን እጃቸውን ልትይዝ ነው።